የጀልባ ካርታ በመንዝ ደጋ፦ ዋጋ ከመቁረጥ በፊት መንገዱን በቤት ኮምፒዩተር ማየት

ከመንዝ ወደ አዲስ አበባ የሚጫን አንድ ኩንታል ገብስ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው ገበሬው የሚቀበለው ነው፤ ሁለተኛው መኪናው የሚበላው ነው። ስለ አንደኛው ነጋዴውም ደላላውም ጠንቅቀው ያውቃሉ። በሁለተኛው ላይ ግን ስምምነት የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ በወሬ ነው። «ከዋናው መንገድ ቅርብ ነው»፣ «አንዲት ቁልቁለት ብቻ ናት»፣ «ሾፌሩ ያውቀዋል» ይባላል። መኪናው ደርሶ ሲመለስ ቅርብ የተባለው ሩቅ፣ አንድ የተባለው ቁልቁለትም ሦስት ሆኖ ይገኛል። ኪሳራው የሚያርፈው ደግሞ ቀድሞ ዋጋ በቆረጠው ሰው ላይ ነው።

ይህን ችግር የሚያቃልል መሣሪያ የተገኘው ከማይጠበቅ ቦታ፣ ከባሕር ነው። ጀልባ ነጂዎች የሚጠቀሙበትን ካርታ ቤታቸው ወስደው በኮምፒዩተር የሚያዩበት ዘዴ ለጣርማ በርና ለጀማ ሸለቆም ይሠራል። ዘዴው ምን እንደሆነ፣ የት ላይ እንደሚጠቅምና የት ላይ እንደሚያሳስት በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

ለመሆኑ ቻርትፕሎተር ምንድን ነው?

ቻርትፕሎተር በጀልባ መሪ አጠገብ የሚገጠም ስክሪን ያለው መሣሪያ ነው። ከሳተላይት በሚቀበለው የጂፒኤስ ምልክት ጀልባው ያለበትን ቦታ ያሰላና በካርታ ላይ ያሳያል። ቦታን ከነከፍታው ለማስላት ቢያንስ የ4 ሳተላይቶች ምልክት ያስፈልገዋል። በባሕሩ ካርታ ላይ የውሃው ጥልቀት፣ ድንጋዩና ወደቡ ተመልክቷል።

አገራችን ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። በአገር ውስጥ እንዲህ ያለው መሣሪያ ይመቻል ብንል የሚቀርበው ጣና ሐይቅ ነው። ይሁንና ለጀልባ መሣሪያ የሚሠሩት እንደ ጋርሚን ያሉ ኩባንያዎች በእጅ የሚያዝና በመኪና የሚገጠም ጂፒኤስም ይሠራሉ። የሁሉም አሠራር አንድ ነው። ልዩነቱ አንዱ የውሃን ጥልቀት ሲያሳይ ሌላው የተራራን ከፍታ ማሳየቱ ነው። ዛሬ ደግሞ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም የተጫነበት የእጅ ስልክ አብዛኛው ነጋዴ ኪስ ውስጥ ይገኛል።

የጂፒኤስ ትክክለኛነት ሁልጊዜ እንደዛሬው አልነበረም። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚላከውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ይህ አሠራር የቀረው ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በገላጣ ቦታ የአንድ ተራ መሣሪያ ስህተት በጥቂት ሜትሮች የሚቆጠር ሆኗል። በጥልቅ ገደል ግርጌ ግን ግድግዳው ሰማዩን ስለሚሸፍን ስህተቱ ከፍ ይላል።

ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች

መሣሪያው ውስጥ አንድ ካርታ ብቻ ያለ ይመስላል። በእርግጥ ያሉት ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ ይህን ያልለየ ሰው ኮምፒዩተሩ ላይ ሲደርስ ግራ ይገባዋል።

የመጀመሪያው ከሥር የተነጠፈው ካርታ ነው። መንገዱን፣ ወንዙንና ከተማውን የያዘው ይህ ሲሆን ባለቤቱ የሠራው ወይም የሸጠው ድርጅት ነው።

ሁለተኛው ተጠቃሚው ራሱ የመዘገበው ምልክት ነው። የእህል መጋዘኑ፣ ድልድዩ፣ መኪና ሊዞርበት የሚችለው ሜዳ፣ እያንዳንዱ እንደ አንድ ነጥብ ይቀመጣል።

ሦስተኛው የጉዞ ፈለግ ነው። መሣሪያው በየሰከንዱ ወይም በየደቂቃው የመዘገባቸው ነጥቦች ተያይዘው መኪናው የሄደበትን መስመር ይሠራሉ። ለነጋዴ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ካርታው ሌላ ሰው «መንገድ አለ» ያለበት ሲሆን ፈለጉ ግን አንድ መኪና በእርግጥ ያለፈበት ነው።

ከመሣሪያው ወደ ኮምፒዩተር

ሥራው ልዩ ባለሙያ አይጠይቅም። በእጅ የሚያዘው ጂፒኤስ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒዩተር ጋር ሲገናኝ እንደ ፍላሽ ዲስክ ይከፈታል። በጋርሚን መሣሪያዎች ውስጥ ምልክቶችና ፈለጎች «ጂፒኤክስ» በሚባል ማኅደር ይገኛሉ። በጀልባው ቻርትፕሎተር ላይ ደግሞ መረጃው በቅድሚያ ወደ ሚሞሪ ካርድ ይገለበጥና ካርዱ ወደ ኮምፒዩተር ይገባል። ከስልክ ከሆነ ፈለጉ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ሊላክ ይችላል።

የመጀመሪያው እርምጃ ፋይሉን ወደ ኮምፒዩተሩ መገልበጥ ነው። ዋናውን ከካርዱ ላይ ከፍቶ መነካካት ቅጂ የሌለው ውል ላይ እንደመሠረዝ ነው።

ጂፒኤክስ የተባለው የፋይል ዓይነት ክፍት ስለሆነ በርካታ ፕሮግራሞች ያነቡታል። በነፃ የሚገኘው ጎግል ኧርዝ ፕሮ ፈለጉን በሳተላይት ፎቶግራፍ ላይ አንጥፎ፣ ከሥሩም የዳገቱንና የቁልቁለቱን ቅርፅ በሥዕል ያወጣል። ኪውጂአይኤስ የተባለው ሌላ ነፃ ፕሮግራም የወረቀት ካርታን በስካነር አስገብቶ ፈለጉን በላዩ ለማስቀመጥ ይረዳል። ጀልባ ላላቸው ደግሞ ኦፕንሲፒኤን የባሕር ካርታንም ጂፒኤክስንም ይከፍታል።

ገዝተውት የማይከፈት ካርታ

እዚህ ላይ ገንዘብ የሚያስከፍል ስህተት አለ። በካርድ የሚሸጡ የባሕር ካርታዎችና ብዙዎቹ የየብስ ካርታዎች የተቆለፉ ናቸው። ቁልፉ ከካርዱ ወይም ከመሣሪያው መለያ ቁጥር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ፋይሉ ወደ ኮምፒዩተር ቢገለበጥም አይከፈትም። የተገዛው ካርታው አይደለም፤ በአንድ መሣሪያ ላይ የማየት ፈቃድ ነው። ስለዚህ የሚገዛ ሰው «ይህን ካርታ በኮምፒዩተር ማየት ይቻላል ወይ? በየትኛው ፕሮግራም?» ብሎ ክፍያ ሳይፈጽም መጠየቅ አለበት።

የራስ ምልክትና የራስ ፈለግ ግን ቁልፍ የለበትም። ለከርሞም ሆነ ለሌላ መሣሪያ ሊተላለፍ ይችላል።

ካርታ ሳይገዙ መሥራትም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የሚሥሉት ካርታ ሲሆን ለጋርሚን መሣሪያ እንዲስማማ ተደርጎ በነፃ ይገኛል። ጉድለቱ ከበጎ ፈቃደኞቹ እጅ ያልገባው አካባቢ ባዶ መሆኑ ነው። በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌን ከቀበሌ ለማገናኘት የተጠረጉት መንገዶች አንዳንዶቹ ካርታ ላይ ላይኖሩ ይችላሉ። በተቃራኒው የበቅሎ መንገድ እንደ መኪና መንገድ ተሥሎ ሊገኝ ይችላል። ስክሪኑ ላይ ሁለቱም መስመር ናቸው፤ ዳገቱ ላይ ግን አንዱ አይሱዙ አያሳልፍም።

ሦስት ዓይነት ርቀት

በሰሜን ሸዋ ደጋ «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሦስት እውነተኛ መልሶች አሉ።

አንደኛው የወፍ በረራ ርቀት ነው። ከመንዝ መሐል ሜዳ እስከ መርሐቤቴ ዓለም ከተማ በቀጥታ መስመር ቢለካ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በሁለቱ መካከል ግን ወደ ዓባይ የሚፈሱት ጀማ፣ ወንጪትና ገባሮቻቸው የቆረጡት ገደል አለ። ከአዲስ አበባ ወደ መርሐቤቴ የሚሄደው መንገድም ከሙከጡሪ ተገንጥሎ፣ በለሚ አልፎ፣ ወደ ጀማ ወርዶ እንደገና ወደ ዓለም ከተማ ይወጣል። ወደ መንዝ የሚሄደው ደግሞ ደብረ ብርሃንን አልፎ ከጣርማ በር ዋሻ በፊት ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ስለዚህ በካርታ ጎረቤት የሆኑ ሁለት ገበያዎች ለመኪና ጎረቤት ላይሆኑ ይችላሉ።

ሁለተኛው በካርታ ላይ የተሠመረው መንገድ ርዝመት ነው። ሦስተኛው መኪናው በእርግጥ የሚሄደው ነው። የእነዚህን ልዩነት ለማየት ቀላል ስሌት እንሥራ። አንድ መንገድ 1 ሺህ ሜትር ቁልቁል መውረድ አለበት እንበል። ለጭነት መኪና እንዲመች በየ100 ሜትሩ በአማካይ 8 ሜትር ቢወርድ ርዝመቱ 12.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በማዶው ያንኑ ያህል ይወጣል፤ ድምሩ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ገደሉ ግን ከአፍ እስከ አፍ 8 ኪሎ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። «8 ኪሎ ሜትር ነው» ያለው ደላላ አልዋሸም፤ «25 ነው» ያለው ሾፌርም አልዋሸም። ዋጋ የሚቆረጠው ግን በሾፌሩ ነው።

ብዙ ሰው ርቀቱ የሚጨምረው መንገዱ ዘንበል ስላለ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። 8 በመቶ የሚያዘቀዝቅ መንገድ በዝንባሌው ብቻ በ1 ኪሎ ሜትር ላይ የሚጨምረው 3 ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱን የሚያበዛው ጥምዝምዙ ነው።

ፈለግ ሲያጥርና ሲረዝም

ፈለግ ራሱ ሊያታልል ይችላል። መሣሪያው በየ1 ደቂቃው አንድ ነጥብ እንዲመዘግብ ተደርጎ ከሆነ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሁለት ነጥቦች መካከል 500 ሜትር ይጓዛል። በዚህ መካከል ያለ ጥምዝምዝ ሁሉ ይጠፋና ፈለጉ ቀጥ ብሎ ይቆርጠዋል። በየ5 ሰከንዱ ቢመዘግብ ግን በነጥቦቹ መካከል 42 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚኖር ጥምዝምዙ ይታያል።

ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በተራራቁ ነጥቦች የተመዘገበ ፈለግ ርቀቱን የሚያሳጥር እንጂ የሚያስረዝም አይደለም። ስለዚህ ስህተቱ ሁልጊዜ የሚያጋድለው መጓጓዣውን በሚከፍለው ወይም በሚያቀርበው ሰው ላይ ነው። በአንጻሩ መኪናው ቆሞ ሲጫን መሣሪያው ሳይጠፋ ከቀረ ነጥቡ በትንሽ በትንሹ ስለሚዋዥቅ ያልተሄደ ርቀት ይጨመራል። መፍትሔው በጉዞ ላይ በየ5 ሰከንዱ እንዲመዘግብ ማድረግ፣ ሲቆሙ ማጥፋት፣ ውጤቱንም ከመኪናው የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ጋር ማስተያየት ነው።

ይህ ሁሉ በገንዘብ ምን ያህል ነው? 18 ኪሎ ሜትር ተብሎ የተዋዋሉበት የጠጠር መንገድ 30 ሆኖ ተገኘ እንበል። ልዩነቱ 12 ነው፤ በደርሶ መልስ 24፤ በ10 ጉዞ 240 ኪሎ ሜትር። መኪናው በ1 ሊትር ናፍጣ 4 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 60 ሊትር ከትርፍ ላይ ተቀነሰ ማለት ነው። የጎማውና የፍሬኑ ሸራ እዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

የድሮው ወረቀት ካርታ

በቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ድርጅት የታተሙት ባለ 1 ለ50 ሺህ ካርታዎች ዛሬም ዋጋቸው አልቀነሰም። በእነርሱ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው። አንዱ ቅጠል በየአቅጣጫው 15 የዲግሪ ደቂቃ፣ ማለትም 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ሥራው ዛሬ የሚካሄደው በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ነው።

እነዚህን ካርታዎች ከጂፒኤስ ጋር የሚያጣምር ሰው ግን አንድ ወጥመድ ይጠብቀዋል። ካርታዎቹ የተሠሩት በሱዳንና በግብፅ ድንበር አካባቢ ከሚገኝ አዲንዳን ከተባለ ቦታ በተነሣ ልኬት ነው። ጂፒኤስ ግን ደብሊውጂኤስ 84 በተባለው ዓለም አቀፍ ልኬት ይሠራል። አንድ ድንጋይ በሁለቱ ልኬቶች የሚኖረው ቁጥር የተለያየ ሲሆን ልዩነቱ ከ100 ሜትር ይበልጣል። በሜዳ ላይ 100 ሜትር ምንም ላይመስል ይችላል። በመንዝ ገደል አፋፍ ላይ ግን አንዱ ቁጥር ከላይ፣ ሌላው ከታች ሊያሳርፍ ይችላል። ለድንበር፣ ለመጋዘን ቦታ ወይም ለድንጋይ ካባ ውል ሲፈረም ቁጥሩ በየትኛው ልኬት እንደሆነ በጽሑፍ መስፈር ይኖርበታል።

ስለ ከፍታም አንድ ቃል። ጂፒኤስ ከፍታን ሲለካ ከአግድሙ ይልቅ ይሳሳታል። በኮምፒዩተር የሚታዩት የከፍታ ሥዕሎች በአብዛኛው መነሻቸው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 በኤንዴቨር መንኮራኩር የተካሄደው የራዳር ልኬት ነው። የአፍሪካው ዝርዝር፣ በየ30 ሜትሩ አንድ ቁጥር ያለው፣ በነፃ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ነው። በ30 ሜትር ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ገደል በዚህ ሥዕል ላይ ለዘብ ብሎ ይታያል። ስክሪኑ ላይ ረጋ ያለ የመሰለ ቁልቁለት በዓይን ሲታይ ሊያስደነግጥ ይችላል።

ደላላው የሚሰጠው ቁጥር

ዛሬ ደላሎችም ቦታን በቁጥር መላክ ጀምረዋል። እዚህ ላይ የአጻጻፍ ስህተት ከባድ ነው። 10 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ማለት 10.50 ዲግሪ እንጂ 10.30 አይደለም፤ ዲግሪ እንደ ሰዓት 60 ደቂቃ አለውና። የተሳሳተ ሰው ከትክክለኛው ቦታ 22 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በእነዚህ ደጋዎች 22 ኪሎ ሜትር ሌላ ወረዳ፣ ምናልባትም የወንዝ ማዶ ነው።

በስም መፈለግም አያስተማምንም። የአንድ ከተማ ስም በላቲን ፊደል በሦስትና በአራት መንገድ ይጻፋል፤ አንድ ስም ያላቸው ቀበሌዎችም ብዙ ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩን ተቀብሎ በኮምፒዩተር ከፍቶ «የቱ ቤተ ክርስቲያን ይቀርበዋል? የቱን ወንዝ ይሻገራል?» ብሎ ደላላውን መልሶ መጠየቅ ጥሩ ማጣሪያ ነው። ቦታውን የሚያውቅ ደላላ ወዲያው ይመልሳል።

ለኢንቬስተሮችም እንዲሁ። ጓሳን እንውሰድ። ባዶ ሳር ሜዳ ሆኖ በሳተላይት ፎቶግራፍ የሚታየው ይህ ደጋ ለብዙ ዘመን በ«ቀሮ» ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ፣ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢቀርም ዛሬ በኅብረተሰቡ የሚጠበቅ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ ነው። ባለቤት የሌለው የሚመስለው መሬት ጠባቂ አለው። መሬት በሕግ የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑንም ፎቶግራፉ አይናገርም።

ካርታ የማይናገረው

ካርታ መንገድ መኖሩን ይናገራል፤ መንገዱ ዛሬ ክፍት መሆኑን አይናገርም። ክረምት የመሬት መንሸራተትና ጭጋግ ያመጣል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተስፋፋው ግጭት ደግሞ በሰሜን ሸዋ መንገዶች በየጊዜው ሲዘጉና ሲከፈቱ ቆይተዋል። በዚህ ረገድ ከማንኛውም ሳተላይት ይልቅ ያን ዕለት ጠዋት ከዚያ የመጣ ሾፌር ይታመናል። እንዲህ ባለ ጊዜ የጂፒኤስ መሣሪያ ራሱ በኬላ ላይ ጥያቄ ሊያስነሣ ስለሚችል ሰነዱን ይዞ መጓዝ፣ ከውጭ ለማስገባትም ጉምሩክን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ከመዋዋል በፊት

በአጭሩ፣ ከደጋው ጭነት ለማንሣት የሚዋዋል ሰው የሚከተሉትን ቢፈጽም አይጎዳም።

1. ለመጀመሪያው ጉዞ አንድ መኪና ብቻ መላክ፤ ፈለጉንም በየ5 ሰከንዱ ማስመዝገብ።

2. ፋይሉን ገልብጦ በኮምፒዩተር መክፈት፤ ርዝመቱንና የዳገቱን ሥዕል ማየት፤ ከኪሎ ሜትር ቆጣሪው ጋር ማስተያየት።

3. መኪና ሊዞርበት የማይችለውን፣ ድልድይ የሌለውንና በክረምት የሚሞላውን ቦታ በስሙ ምልክት ማድረግ።

4. ቀሪዎቹን 9 ጉዞዎች በተለካው ርቀት መዋዋል፤ ርቀቱንም ውሉ ላይ ማስፈር።

5. ፈለጉን በዓመተ ምሕረትና በወር ሰይሞ ማስቀመጥ፤ የሰኔ መንገድና የጥር መንገድ አንድ አይደለምና።

ባለ ጀልባው ካርታውን ከጉዞ በፊት ቤቱ ተቀምጦ የሚያጠናው ውሃው ውስጥ ያለው ድንጋይ ስለማይታይ ነው። የመንዝና የመርሐቤቴ ነጋዴ ድንጋይም የተደበቀው «ቅርብ ነው» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የአንድ ምሽት ጥናት የ60 ሊትር ናፍጣ ዋጋ አለው።